የጓሮ ጋሪ አመራረጥና አጠቃቀም፦ ከገንዳው በፊት ጎማውን እዩ

የመጀመሪያ የእጅ ጋሪዬን የገዛሁት ገንዳው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። «በሁለት ምልልስ ሁሉን ይጨርስልኛል» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ሳደርሰው በጓሮው በር አላልፍ አለ። የጎደለው አራት ጣት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት አፈሩን እስከ በሩ በጋሪ፣ ከበሩ ወዲያ በባልዲ አመላለስኩ። የሚያየኝ ሰው ምን ሊለኝ እንደፈለገ ፊቱ ላይ ይነበባል። ደግነቱ አፍ አውጥቶ የተናገረኝ የለም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከግቢያችሁ ነው። ሜትር ያዙና ውጡ።

መጀመሪያ መንገዱን ለኩ

ጋሪው ከየት ወደ የት እንደሚመላለስ አስቡ። አፈር የሚራገፈው የት ነው? ኮምፖስቱ የሚከመረውስ? የአትክልት መደቦቹስ የት ናቸው? ይህን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበትና በጣም የሚጠብበትን ቦታ ለኩ። ብዙውን ጊዜ የሚጠበው በር ላይ ነው። በሩ እስከ መጨረሻው የማይከፈት ከሆነ የምትለኩት የበሩን ስፋት ሳይሆን ተከፍቶ የሚተርፈውን ክፍተት ነው።

ካገኛችሁት ልኬት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። የጋሪውን ስፋት የማያስብ የለም፤ እጀታውን የያዘውን የራሱን እጅ ግን ብዙ ሰው ይረሳል። ጭነት እየገፋችሁ የጣታችሁ አንጓ ከበሩ ጠርዝ ጋር ሲፋቅ ያኔ ትዝ ይላችኋል። በሩ 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ65 የማይበልጥ ጋሪ ፈልጉ።

መታጠፊያም ካለ እዩት። ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ባለበት ዞር ይላል። ባለ አራት ጎማው ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ደረጃ ካለ ቁመቱን ጻፉ። መሬቱ ሣር ነው? ጠጠር ነው? ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ይሆናል? ዳገት አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ማታ የት ይቆማል የሚለው ነው። ይህን ሳያስቡ የገዙ ሰዎች ጋሪያቸው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይከርማል።

ምን ልትጭኑበት ነው?

ጋሪ የሚሸጠው በሊትር ነው፤ የሚገፋው ግን በኪሎ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለ እንበል። በደረቅ ቅጠል ብትሞሉት 10 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው፤ ልጅም ይገፋዋል። በኮምፖስት ብትሞሉት ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመጣል። ልቅ የሆነ ደረቅ አፈር ከሆነ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። እርጥብ አሸዋ ከሆነ ደግሞ 150 ኪሎ ያልፋል። ያው ገንዳ፣ ያው ጋሪ ነው። የጋሪው ወረቀት ላይ «200 ኪሎ ይችላል» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ የሚችለው ብረቱ ነው እንጂ የእናንተ ወገብ አይደለም።

ለተራ የቤት ግቢ ከ60 እስከ 85 ሊትር በቂ ነው ባይ ነኝ። ሥራችሁ በአብዛኛው ቅጠል፣ የተከረከመ ቅርንጫፍና ሣር ማጋዝ ከሆነ ግን ገንዳው ሰፋ ቢል ይሻላል። ቀላል ነገር ቦታ እንጂ ጉልበት አይፈጅም። አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ የሚበዛባችሁ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ገንዳና ጠንካራ እግር ያለውን ምረጡ። ትልቅ ገንዳ ካለ እጅ አያርፍም፤ ካልሞላ ደስ አይልም። ከራሴ ነው የማውቀው።

አንድ፣ ሁለት ወይስ አራት ጎማ?

ባለ አንድ ጎማው ከሁሉም ይልቅ ተንቀሳቃሽ ነው። በመደቦች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ያልፋል፤ በአንዲት ጣውላ ላይ ይሄዳል፤ ሲራገፍም ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ነው። ጉድለቱ ሚዛን ነው። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሚይዘው የእናንተ ክንድ ብቻ ነው።

ባለ ሁለት ጎማው በጎን አይወድቅም። ክንዱ ወይም ትከሻው ለሚያመው፣ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ሜዳ ላይ በጣም ይመቻል። ግን ሰፊ ነው፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይም አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ጋሪው በሙሉ ይጋደላል። ባለ አንድ ጎማው ከድንጋዩ ጎን ዞር ብሎ ያልፍ ነበር።

ባለ አራት ጎማው የሚጎተት ነው። ጭነቱን ሙሉ በሙሉ ጎማዎቹ ይሸከሙታል፤ እናንተ የምታነሱት ነገር የለም። የአበባ ማሰሮ፣ ጆንያ፣ የማገዶ እንጨት ለማመላለስ የሚያክለው የለም። ገንዳው ወደ ኋላ የሚገለበጥ ዓይነት ካገኛችሁ አፈርም ይራገፍበታል። ደረጃ ካለ ግን እርሱት። ዳገት ላይም ጠባዩ መጥፎ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ግቢያችሁ ሜዳ ከሆነ፣ በራችሁ ሰፊ ከሆነና ጆንያ የምታበዙ ከሆነ አራት ጎማ። መንገዱ ጠባብና አፈር የሚበዛበት ከሆነ አንድ ጎማ። በመካከል ያላችሁ ሁለት ጎማ። ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ጎማው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ጥሩ ገንዳ በመጥፎ ጎማ ላይ ቢቀመጥ መጥፎ ጋሪ ነው። ጎማው ትልቅ በሆነ ቁጥር እንቅፋትን በቀላሉ ይወጣል። በተለመደው የእጅ ጋሪ ላይ የሚታየው ጎማ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ባለ አራት ጎማዎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገጠመው 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ቶሎ የሚሰምጠውም ለዚህ ነው።

ከትልቅነቱ ቀጥሎ ስፋቱን እዩ። ቀጭን ጎማ በጠንካራ መሬት ላይ ቀላል ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ ግን እንደ ቢላ ይሰነጥቃል። ለስላሳ መሬት ሰፊ ጎማ ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ጎማውን በኳስ የተካ ጋሪ የሠራው ይህንኑ ችግር አይቶ ነው። ኳሱ ሰፊ ስለሆነ ለስላሳ መሬት ውስጥ አይሰምጥም።

ከዚያ አየር ወይስ ድፍን? በአየር የሚነፋ ጎማ ንዝረቱን ይውጣል፤ ሣርና ጠጠር ላይ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ግን እሾህ ይወጋዋል። ድፍኑ ጎማ ፈጽሞ አይተነፍስም፤ በምትኩ እያንዳንዷን ጠጠር እጃችሁ ድረስ ያደርሳታል፤ ክብደትም ይጨምራል። እሾሃማ አጥር የምትከረክሙ ከሆነ ድፍኑን ግዙ። ካልሆነ አየሩን። እኔ አየሩን እመርጣለሁ፤ ስለ እሾህ የሚነገር ታሪክ ግን አለኝ።

የአየሩ መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ለእንደዚህ ዓይነት ትናንሽ ጎማዎች ብዙ ጊዜ 30 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ የእናንተ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከዚያ አትለፉ። በብስክሌት ፓምፕ ንፉ። የመኪና ጎማ በሚነፋ ትልቅ ኮምፕሬሰር አትንፉት። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ከመጠን በላይ የሚሞላው በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ሲፈነዳ ደግሞ እጅ ይጎዳል።

ገንዳውና ብረቱ

ይህ ብዙ አያነጋግርም። ላሜራ ገንዳ ድንጋይና ትኩስ አመድ ይችላል፤ ግን በተጫረበት ይዝጋል። ፕላስቲክ ገንዳ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ታጥቦ ወዲያው ንጹህ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ሲከርም ግን ይደርቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ድንጋይ ስትወረውሩበት ይሰነጠቃል። ፍግ የሚያግዝ ሰው ፕላስቲክ፣ ድንጋይ የሚያግዝ ሰው ላሜራ ይያዝ።

ጋሪውን ገልብጡና ከታች እዩት። እግሮቹ እርስ በርስ በማገር ብረት ተያይዘዋል? ብየዳው ሙሉ ነው ወይስ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው? የጎማው ዘንግ ኩሽኔታ አለው? ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት። ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ ከዞረ ጥሩ ነው። ከተንገጫገጨ ወይም ወደ ጎን ከተወላገደ ተዉት። ያገለገለ ጋሪ የምትገዙ ከሆነ ይህንን ደጋግማችሁ አድርጉ፤ በአዲስ ቀለም ሥር ዝገት እንዳለም ገንዳው ከማቀፊያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጫኑበትና አንሱት። ከባድ ጆንያ ቢሆን ይሻላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ትከሻችሁን ሳታነሱ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የጋሪው እግር ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል መነሳት አለበት። ሁለት እርምጃ ሂዱ። እግራችሁ ከኋላው ብረት ጋር ከተጋጨ ጋሪው ለእናንተ አጭር ነው። ሻጩ ቢገላምጣችሁም አትፈሩ።

ሲገጣጠም

ብዙ ጋሪ በካርቶን ተፈታቶ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አስገቡ፤ ዳዶውን ሁለት ሦስት ዙር አዙራችሁ ተዉት። አንዱን እስከ መጨረሻው ካጠበቃችሁ የቀጣዩ ቀዳዳ አይገጥምም። ሁሉም ከገባ በኋላ ጋሪውን ሜዳ ላይ አቁሙት፤ ካልተንገዳገደ ያኔ በቁልፍ አጥብቁ። ክብ የሆነው የቡሎኑ ራስ በገንዳው ውስጥ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ከታች በኩል ይሁኑ። በተቃራኒው ካሰራችሁት አካፋ በገባ ቁጥር ይጋጫል።

ዘንጉ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡ። ከአምስት ስድስት ምልልስ በኋላ ሁሉንም ዳዶ እንደገና አጥብቁ። አዲስ ጋሪ ሲሠራ ይላላል፤ ይህን የማያደርግ ሰው ነው ሦስት ወር ሳይሞላው «እቃው እርባና የለውም» የሚለው።

ስትጭኑ

ለአንድ ጎማ ጋሪ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ጭነቱ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። ከጎማው ዘንግ እስከ እጃችሁ 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭነቱ 60 ኪሎ ነው። የጭነቱ መሃል ከዘንጉ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ እጃችሁ ላይ የሚያርፈው 20 ኪሎ ነው፤ 60 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ120። ያንኑ 60 ኪሎ ወደ እናንተ አስጠግታችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታስቀምጡት 35 ኪሎ ታነሳላችሁ። አንድ ኪሎ አልጨመራችሁም፤ አፈሩን የደፋችሁበት ቦታ ብቻ ነው የተለወጠው።

ጥንታዊው የቻይና ጋሪ በዚህ በኩል ከኛ የተሻለ ነበር። ትልቁ ጎማ መሃል ላይ ነው፤ ጭነቱ በግራና በቀኙ ይቀመጣል። ሸክሙን ጎማው ይይዘዋል፤ ገፊው ሚዛን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለበትም። የኛ ጋሪ ጎማው ከፊት ስለሆነ እኛው ነን ጭነቱን ወደ እሱ የምናስጠጋው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ባዶውን ጋሪ መጀመሪያ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ አዙሩት። ከሞላ በኋላ ማዞር ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገለበጠው ያኔ ነው። እግሩ ጠንካራ መሬት ላይ መቆሙን እዩ። ከባዱን ከፊት፣ ከጎማው በላይ ጫኑ፤ ቀላሉን ከኋላ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ገንዳውን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ይበቃል። አካፋና ዶማ ከላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ስለታቸው ወደ ፊት ይዙር፤ ወደ ሆዳችሁ አይዙር።

ስትገፉ

ሁለቱን እጀታ ያዙ፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በእግራችሁ ተነሱ። በወገብ አትነሱ። ዓይናችሁ ጎማው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ይሁን። ጎማውን የሚያይ ሰው ድንጋዩን የሚያየው ከመታው በኋላ ነው።

ጋሪው መገልበጥ ከጀመረ ልቀቁት። ሁለቱንም እጅ ልቀቁና ወደ ኋላ ራቁ። የፈሰሰ አፈር በአካፋ ይታፈሳል፤ የተጠመዘዘ ወገብ ግን ሳምንታት ያስተኛል። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፣ በሰዓቱ መልቀቅ ግን ይከብዳል፤ እጅ በራሱ ይጨብጣል። ባዶ ጋሪ ይዛችሁ አንዴ ሁለቴ ብትለማመዱት አይጎዳም። ሰው ካየ ይሳቅ።

ለትንሽ ደረጃ ጣውላ አንጥፉ። 20 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ከፍታ 1 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም ጣውላ ይበቃል፤ እንዳይንሸራተት ከታች በድንጋይ ደግፉት። ጣውላ ከሌለ ዞራችሁ በጀርባ እየጎተታችሁ ውጡ፤ ጎማው ከመገፋት ይልቅ ሲጎተት ጠርዝ በቀላሉ ይወጣል።

ቁልቁለት ላይ ጭነቱን በግማሽ ቀንሱ። በአንድ ጎማው ላይ ፍጥነቱ ከበዛባችሁ እጀታውን ዝቅ አድርጉ፤ እግሩ መሬት ሲቧጥጥ ፍሬን ይሆናችኋል። ባለ አራት ጎማውን ግን ከፊት ሆናችሁ ቁልቁል አትጎትቱ። ከኋላ መጥቶ ተረከዛችሁን ይመታል፤ ሲብስ ይደፋችኋል። እናንተ ከላይ ሁኑ፤ እጀታውን እንደያዛችሁ ጋሪውን ቀስ እያላችሁ ወደታች ልቀቁት። ከኋላ ስትነዱት መሪው የሚታጠፈው በተቃራኒ ስለሆነ ግራ ያጋባል፤ መጀመሪያ ባዶውን ሞክሩ። ዳገቱን አግድም አታቋርጡ፤ ቀጥታ ውጡ፣ ቀጥታ ውረዱ።

መደብ ላይ የተጫነ ጋሪ አታስገቡ፣ በተለይ አፈሩ ሲርስ። ጎማው የረገጠው አፈር ይጠቀጠቃል፤ ውሃና ሥር አያሳልፍም። የግድ ከሆነ ጣውላ ላይ ሂዱ።

ለማራገፍ መጀመሪያ ቁሙ። እየሮጡ መድፋት ያምራል፤ ግን ጋሪው ከነጭነቱ ይዟችሁ ይሄዳል። ጉድጓድ ጠርዝ ላይ የምትደፉ ከሆነ ጎማው የሚቆምበት ወፍራም እንጨት አጋድሙ። ልጅ አሳፍሮ መግፋት ደግሞ ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ ጋሪው ሲገለበጥ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ግን የልጁ ጭንቅላት ነው።

ከሥራ በኋላ

ፍግና ማዳበሪያ ብረት ይበላሉ። ሥራ ሲያልቅ ገንዳውን እጠቡ፤ ከዚያ ውሃ እንዳይጠራቀምበት ደፍታችሁ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አቁሙት። ውሃ ያቆረ ጋሪ ዝገት ብቻ ሳይሆን ትንኝም ያፈራል። ዝገት ካያችሁ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉትና ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ። የእንጨት እጀታ ከሻከረ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት፤ በዓመት አንዴ የተልባ ዘይት ብታጠጡት ለረጅም ጊዜ ይኖራል። ዘንጉን በየጥቂት ወሩ ግራሶ ቀቡ። ጎማው ሲጮህ መጠበቅ አያስፈልግም።

አሁን የእሾሁ ታሪክ። ጎማዬ ተነፈሰ። የውስጥ ጎማውን አውጥቼ ትንሽ ነፋሁት፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋ ወጣ፤ ቦታውን በእስክሪብቶ ከበብኩ። አደረቅሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩት፣ ማስቲሽ በስሱ ቀብቼ እስኪጣበቅ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ መጠገኛ ላስቲኩን ለጠፍኩ። ኮራሁ። በማግስቱ ተነፈሰ። እንደገና ጠገንኩ፤ እንደገና ተነፈሰ። ሦስተኛው ላይ ቀዳዳው ሁልጊዜ ከቫልቩ እኩል ርቀት ላይ መሆኑን አየሁ። የውጭ ጎማውን ውስጡን በጣቴ ስዳብስ ወጋኝ። የሩዝ ፍሬ የማታህል የእሾህ ጫፍ ናት፤ ከውጭ በኩል አትታይም።

ስለዚህ መጠገኛ ላስቲኩን ከመለጠፋችሁ በፊት የውጭ ጎማውን ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉት፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል፣ ጣታችሁም ይተርፋል። በጉጠት ነቅላችሁ አውጡት። ቸርኬው ከሁለት ግማሽ ተገጥሞ በቡሎን የታሰረ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አየሩ ተሟጥጦ ሳይወጣ ቡሎኑን እንዳትነኩት፤ የታመቀው አየር ብረቱን ሊወረውረው ይችላል። ስትመልሱት የውስጥ ጎማውን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፉት፤ ባዶውን ካስገባችሁት ታጥፎ ይቆነጠጣል። ከዚያ የውጭ ጎማው በቸርኬው ዙሪያ እኩል መቀመጡን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ።